በሱቃችን ውስጥ ስላለው ትንሽ ኮምፒዩተር



በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የተባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። ያ መኪና በእግር የሚረገጥ በመሆኑ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያችን ግን እንደዚያ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ1999 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ቁጥር 139 መሠረት መሣሪያውን የመጠቀም ግዴታ ያለበት ነጋዴ፤ መሣሪያው ሲቆም ሽያጩም ይታወካል።

በምሠራበት መደብር አንድ ቀን መብራት ጠፋ፤ የመሣሪያውም ባትሪ ደክሞ ኖሮ፤ ዕቃውን መርጦ የጨረሰ ደንበኛ ደረሰኝ አጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። መሣሪያውን ስንገዛ የጠየቅነው ዋጋውን ብቻ ስለ ነበረ ጥፋቱ የራሳችን ነው።

ስለዚህ አስመጪው ፋብሪካውን፤ ባለሱቁም አስመጪውን፤ ከዋጋው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ እላለሁ።

አንደኛው የኀይል ቁጠባ ነው። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ትንሽ ኮምፒዩተር በሚገባ የታቀደ እንደ ሆነ፤ ሽያጭ በሌለ ጊዜ ያንቀላፋል፤ ቁልፉ ሲነካ ይነቃል። ባትሪውን አብዝተው የሚፈጁት ደረሰኙን በሙቀት የሚያትመው ክፍልና መረጃውን በሞባይል መስመር የሚልከው ክፍል ናቸው። እንግዲህ ባትሪው ያለ መብራት ስንት ደረሰኝ ያሳትማል? ሲደክምስ መለወጫው በሐረር ይገኛልን?

ሁለተኛው ደኅንነት ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ባሳነፁት ግንብ በሮቹ አምስት ብቻ ነበሩ፤ ሌሊትም ይዘጉ ነበር። መልካም መሣሪያም እንዲሁ መግቢያው ጥቂት ነው። የመዘገበው ሽያጭ መብራት ቢጠፋም አይጠፋም፤ አይፋቅምም። አዲስ ፕሮግራም ሲሰጠውም የሠሪውን ምስጢራዊ ማኅተም መርምሮ ካላረጋገጠ አይቀበልም። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይለውጥ የሚሠራ ነጋዴ ግን በሩን ከፍቶ እንደ ተኛ ሰው ነው።

ማኅተም መመርመር ጥቂት ኀይል ይፈጃል፤ ኀይል የሚቆጥብ ዕቃም ዋጋው ከፍ ይላል። ርካሹ ሠሪ አንዱን ወይም ሁለቱንም የሚያጓድለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን በአንድ የገበያ ቀን የሚታጣው ሽያጭና የደንበኛ እምነት፤ በግዢ ጊዜ ከተረፈው ገንዘብ ሊበልጥ እንደሚችል እኛ አይተነዋል።

የንግድ ምክር ቤታችን እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት አትሞ ለአባሎቹ ቢያድል፤ መልሱም በግዢው ውል ውስጥ እንዲጻፍ ቢመክር፤ ለሁላችንም ይጠቅማል።