የሥዕሉና የእንጀራው ዋጋ፦ ቅዳሜና እሑድ በአትላንታ

ወዳጁን ለመጠየቅ ዓርብ ማታ ከዋሽንግተን ወይም ከቦስተን ተነሥቶ አትላንታ የሚገባ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የሁለት ቀን መርሐ ግብሩ ከሞላ ጎደል የታወቀ ነው። ጠዋት በፒችትሪ ጎዳና የሚገኘው ሃይ የሥነ ጥበብ ሙዚየም፤ ከሰዓት በኋላ በቀድሞው የባቡር ሐዲድ ላይ በተሠራው ቤልትላይን የእግር ጉዞ፤ ማታ በብራየርክሊፍ መንገድ ወይም በክላርክስተን አቅራቢያ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ እራት። ዕድሜው የፈቀደለት በመካከሉ ፋጡማ ሮባ በ1996 በዚህች ከተማ ማራቶኑን ያሸነፈችበትን ቀን ያነሣል። በዚህ ጉዞ ሁለት ክፍያዎች አሉ። የሙዚየሙ ትኬት ያለ ክርክር ይከፈላል። በእራቱ ሂሳብ ላይ ግን “ለሽሮ ይህን ያህል?” የሚል ማጉረምረም አይጠፋም።

ለምን? ሙዚየሙ ራሱ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2020 እስከ ጃንዋሪ 2021 የጁሊ ምሕረቱ ሥራዎች ሰፊ ዐውደ ርእይ እዚያው ታይቷል። ምሕረቱ በ1970 አዲስ አበባ ተወልዳ በ1977 ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሚሺጋን የሄደች ሠዓሊ ናት፤ በኖቬምበር 2023 አንድ ሥራዋ በኒው ዮርኩ የሶዝቢ ጨረታ ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል። ችሎታዋ የማያጠያይቅ ቢሆንም ይህ ዋጋ ከችሎታ ብቻ አልመነጨም። ሥራውን የሚመርጥ የዐውደ ርእይ አዘጋጅ፣ የሚተነትነው ሐያሲ፣ የሚገዛው ሰብሳቢ፣ የሽያጩን ታሪክ የሚመዘግብ ጨረታ ቤት ነበሩ። ዋጋን የሚሠሩት ተቋማት ናቸው።

ወጥ ቤቱ ከእነዚህ አንዱም የለውም። ዶሮ ወጥ በሥርዓቱ ሲሠራ ሽንኩርቱ ብቻ ለሰዓታት ይቁላላል፤ ዶሮው በ12 ብልት ይበለታል፤ የእንጀራው ሊጥ ቀናት ይቦካል። ይህ ሁሉ ግን “ርካሽ የስደተኛ ምግብ” በሚል መደብ ውስጥ ይወድቃል። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲው ክሪሽኔንዱ ሬይ በ2016 ባሳተመው “ዘ ኤትኒክ ሬስቶራተር” መጽሐፉ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ አሜሪካዊ ተመጋቢ ለአንድ ሕዝብ ምግብ ሊከፍል የሚፈቅደው ዋጋ ለዚያ ሕዝብ ከሚሰጠው ማኅበራዊ ደረጃ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። የጃፓን ምግብ ከጃፓን ሀብት ጋር ከፍ ብሏል።

የሬይ ትንታኔ ግን የእኛን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም። የሐበሻ ምግብ ዋጋ ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ይጫናል፤ እንግዳን ማብላት ክብር እንጂ ንግድ ሆኖ አልኖረምና። አማርኛ በእጅ የሚጎረሰውንም ለአስተናጋጅ የሚተወውንም ገንዘብ “ጉርሻ” ማለቱ የሁለቱ ዓለም ድንበር ምን ያህል ስስ እንደ ሆነ ይናገራል። አስተናጋጁ ወዳጅ ካርዱን ቀድሞ በድብቅ ለባንኮኒው ይሰጣል፤ የቤቱ ባለቤት “ይኼ ከእኔ ነው” ብላ ያልታዘዘ ጥብስ ትጨምራለች፤ እንግዳው በሁለቱም ይደሰታል። በዚህ የስጦታ ሰንሰለት ውስጥ ዋጋ መጨመር እንደ ክህደት ይቆጠራል። ወጪውን የሚሸከመው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሂሳብ ውስጥ የማይገባው የሴቶች ጉልበት ነው፤ ሌሊት ሊጥ የምታቦካው እኅት፣ ቅዳሜ ምጣድ ላይ የምትቆመው እናት። ልጆቻቸው ያዩት ይህንን ነውና ምግብ ቤቱን ለመውረስ ባይቸኩሉ አይፈረድባቸውም። ባለቤቷ ጡረታ ስትወጣ ቤቱም፣ ዕውቀቱም አብሮ ይዘጋል።

ብርቱ ተቃውሞ አለ፦ ዋጋው ቢጨምር በክላርክስተን የሚኖረው የመጋዘን ሠራተኛና ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመለሰው ባለታክሲ የት ይበላል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱም እዚያው ሙዚየም በር ላይ ተጽፏል። ሃይ ሙዚየም በየወሩ ሁለተኛ እሑድ በነፃ ያስገባል፤ በሌሎቹ ቀናት ያስከፍላል። ምጣኔ ሀብት የዋጋ ልዩነት የሚለው ይህ ነው። የሥራ ቀን በያይነቱ በዛሬው ዋጋ ሊቆይ ይችላል፤ ቅዳሜ ማታ ከሌላ ከተማ በሚመጡ ባለሙያዎች ፊት የሚዘረጋው ገበታ ግን የሠራተኛውን ሙሉ ደመወዝ ያካተተ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ለዚህም ምግቡን እንደ ሥዕል በቁም ነገር የሚገመግም ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፤ የጎንደሩን ከሐረሩ፣ የጉራጌውን ክትፎ ከትግራዩ ጥሕሎ የሚለይ።

ግድግዳውም አለ። በብዙዎቹ ቤቶች የላሊበላና የአክሱም ፎቶግራፎች፣ የሠዓሊው ስም ያልተጻፈባቸው የብራና ሥዕሎች ተሰቅለዋል። በአንዱ ግድግዳ ላይ የአንድ ወጣት ሠዓሊ ሥራ ከነስሙና ከነዋጋው ቢሰቀል፣ ከእራቱ ጋር የሚሸጥበት ዕድል ከማንኛውም የመሀል ከተማ ጋለሪ አያንስም፤ ገዢው ቀድሞውኑ እጁን ታጥቦ፣ ማዕዱን ከብቦ ተቀምጧልና።