ኺድማችን የአባታችንን እጅ እንዳያሰንፈው



ውድ ወንድሞችና እህቶች! አባት ወይም እናት በስትሮክ ሲታመሙ ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን እናውቀዋለን። እናጎርሳቸዋለን፣ ውዱእ እናስደርጋቸዋለን፣ ቁልፋቸውን እንቆልፍላቸዋለን። ወላጅን መኻደም ትልቅ ዒባዳ ነው፤ በዚህ ጥርጥር የለንም። ግን አንድ ነገር እየተሳሳትን ይመስለናል። የደከመው እጅ ሊሞክረው የሚችለውን ሁሉ ቀድመን እየሠራንላቸው ነው።

በስትሮክ የተጎዳው እጁ ራሱ ሳይሆን እጁን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አላህ አንጎልን የሚማር አድርጎ ፈጥሮታል። ጤነኛ የሆኑት ክፍሎች የተጎዳውን ሥራ በከፊል ሊረከቡ ይችላሉ፤ የሚረከቡት ግን ሲለማመዱ ነው። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ታውብ እንዳሳየው ታማሚ ደካማ እጁን ሞክሮ ሲያቅተው ይተወዋል፣ ቀስ በቀስም አለመጠቀምን ይለምዳል። የእርሱ ሕክምና ጤነኛውን እጅ በጓንት ይዞ ደካማውን ማሠራት ነው። በ2006 እ.ኤ.አ በታተመ ጥናት፣ መጠነኛ የእጅ እንቅስቃሴ የቀራቸው 222 ታማሚዎች ተሳትፈው ነበር። የ2 ሳምንት ልምምዱን የወሰዱት እጅ ተሻሻለ፤ ለውጡም ከአንድ ዓመት በኋላ አልጠፋም።

ዛሬ ጣት የሚከፍቱና የሚዘጉ ሮቦት ጓንቶች መጥተዋል። የአንጎል ምርመራዎች የሚነግሩን ግን ይህን ነው፦ ማሽኑ ብቻውን እጁን ሲያንቀሳቅሰው የአንጎሉ ሥራ ያነሰ ነው፤ ታማሚው ራሱ አስቦ ሲሞክር ይጨምራል። በ2021 እ.ኤ.አ በአሜሪካ የተፈቀደ አንድ መሣሪያ ጭንቅላት ላይ ሆኖ የአንጎልን ሞገድ ያነባል፤ ታማሚው እጁን ለመክፈት ሲያስብ ይከፍትለታል። መጀመሪያ ኒያው፣ ከዚያ እንቅስቃሴው!

«ይህ እኛ ጋ የለም» ብለን ተስፋ አንቁረጥ። በ2019 እ.ኤ.አ በብሪታንያ 770 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በሮቦት የታገዘው ልምምድ ክንዳቸውን ከተለመደው ሕክምና የበለጠ እንዳላሻሻለው አሳይቷል። ጉዳዩ ከማሽኑ ይልቅ ድግግሞሹና የታማሚው ጥረት ነው።

ድግግሞሽ ደግሞ እኛ ቤት አለ። ከሶላት በኋላ ተስቢሕ በቀኝ እጅ ጣቶች ይቆጠራል። 33፣ 33፣ 33 ስንል 99 ነው፤ በ5 ወቅት 495 የጣት እንቅስቃሴ! የአባታችን ቀኝ እጅ ከደከመ መቁጠሪያውን ከማቀበላችን በፊት ጣታቸውን እንዲሞክሩ እናበረታታቸው። የደከመው ግራው ከሆነ ፎጣ ይጠፉ፣ ተምር ከሳህን ያንሱ። ጨርሶ የማይንቀሳቀስ ከሆነም መስታወት አለ፤ ደካማውን እጅ ከመስታወቱ ጀርባ አድርገው የጤነኛውን ምስል እያዩ ሁለቱንም ለማንቀሳቀስ ይሞክራሉ።

ክንዳቸውን ግን አንጎትት፤ ትከሻቸው በቀላሉ ይጎዳል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳየንን እንከተል። «ቀደር ነው» ብሎ መቀመጥ ተወኩል አይደለም፤ ዱዓውም ሩቅያውም ሳይቋረጥ ሰበቡን ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው።

እናም ዛሬ ማታ አባታችን ኩባያውን ለመያዝ ሲታገሉ ቶሎ አንንጠቃቸው። አጠገባቸው ሆነን እንጠብቅ። ሶብር ማድረጉም ኺድማ ነው።

አላህ ለታመሙ ወላጆቻችን ሙሉ ዓፊያ ይስጥልን። ኣሚን!