የልጅ ማቆያ ወጪና የግብር ሕጋችን፦ ከሶማሌ ተራ አንጻር ሲታይ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ መርካቶ ውስጥ የሚገኘው ሶማሌ ተራ በተሽከርካሪ መለዋወጫ ንግድ የሚታወቅ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለው የገበያ ሥፍራ የመለዋወጫ ሱቅ የምታስተዳድር፣ በሒሳብ ሠራተኛነት የተቀጠረች እና በሱቆቹ ደጃፍ ሻይና ቡና የምትሸጥ እናት ጎን ለጎን ይሠራሉ። የገቢያቸው መጠን ቢለያይም ሦስቱም አንድ ጥያቄ ይጋራሉ። እነርሱ ሥራ ላይ ሲሆኑ ልጁን ማን ይይዛል? ለዚህ የሚወጣውን ገንዘብስ የግብር ሕጉ እንዴት ይመለከተዋል?

የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለንግድ ሥራ ገቢ በተቀናሽነት የሚይዘው ገቢውን ለማግኘት አስፈላጊ የሆነውን ወጪ ሲሆን፣ የግል ወጪን ግን አይቀበልም። በመሆኑም የሱቋ ባለቤት ለሞግዚት የምትከፍለው ገንዘብ፣ ያለ ሞግዚት ሱቋን መክፈት ባትችል እንኳ፣ እንደ ግል ፍጆታ ይቆጠራል። በሠንጠረዥ “ሀ” ሥር የምትወድቀው ተቀጣሪም ግብር የሚታሰብባት በጠቅላላ ደመወዟ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ደንብ ቁጥር 410/2009 አሠሪው ለሠራተኛው የቤት ሠራተኛ ቢያቀርብ ይህንኑ ግብር የሚከፈልበት የዓይነት ጥቅም ያደርገዋል።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም የፀደቀው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከግብር ነፃ የሆነውን ወርኃዊ ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጓል። ይህ ለሠራተኛው እፎይታ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ እፎይታው ልጅ ለሚያሳድገውም ለማያሳድገውም እኩል የተሰጠ በመሆኑ የልጅ ማቆያ ወጪን ለይቶ የሚመለከት አይደለም።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮ በዚህ ረገድ ምን ያሳያል? በአሜሪካ የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወላጆች በሚገባ እንደሚያውቁት፣ በዚያ አገር ወላጆች ለመሥራት ሲሉ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ማቆያ የከፈሉት ገንዘብ በከፊል ከግብራቸው ላይ ይካካስላቸዋል። ለስሌቱ የሚያዘው ዓመታዊ ወጪ ለአንድ ልጅ እስከ 3,000፣ ለሁለትና ከዚያ በላይ ልጆች እስከ 6,000 ዶላር ነው። ወላጁ ግን የአሳዳጊውን ስም፣ አድራሻና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ማስመዝገብ ይጠበቅበታል።

እዚህ ላይ በተቀናሽ ወጪና በግብር ማካካሻ መካከል ያለውን ልዩነት ማጤን ይገባል። ለምሳሌ ወርኃዊ ደመወዟ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በአዲሱ ሠንጠረዥ 2,250 ብር ግብር ትከፍላለች። ለሞግዚት የምትከፍለው 3,000 ብር በተቀናሽነት ቢያዝላት ግብሯ በ850 ብር ይቀንሳል። ደመወዙ 20,000 ብር የሆነ ሰው ግን ለዚያው ወጪ 1,050 ብር ያተርፋል። ማለትም የተሻለ የሚከፈለው የበለጠ ይጠቀማል። ማካካሻው የወጪው 20 በመቶ ቢሆን ሁለቱም እኩል 600 ብር ያገኛሉ። ከፍትሐዊነት አኳያ ማካካሻው የተሻለ መሆኑ ግልጽ ነው።

ያም ሆኖ ማካካሻው ሁለት መሠረታዊ እንቅፋቶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። በአገራችን ሞግዚት የምትቀጠረው በአብዛኛው በቃል ስምምነት በመሆኑ ደረሰኝ የለም። የተቀጣሪው ግብርም በየወሩ በአሠሪው ተቀንሶ ስለሚያልቅ፣ አንድ አሠሪ ብቻ ያለው ሠራተኛ ማካካሻ የሚጠይቅበት ዓመታዊ የማስታወቂያ ሥርዓት አይኖረውም። ሁለተኛው እንቅፋት ይበልጥ ከባድ ነው። ግብር የማይደርስባት ሻይ ሻጭ የሚካካስላት ግብር የላትም። ስለሆነም ድጋፉ ይበልጥ ለሚያስፈልጋት እናት ሳይደርስ ይቀራል፤ ልጇም በብረታ ብረትና በተቃጠለ ዘይት መካከል ሊውል ይችላል።

ከዚህ አኳያ ሲመዘን ለሶማሌ ተራና ለመሰል የሥራ አካባቢዎች ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው በሥራ ቦታ አቅራቢያ የሚከፈት የሕፃናት ማቆያ ነው። ማቆያው ደመወዝተኛዋንም፣ ነጋዴዋንም፣ ሻይ ሻጯንም በአንድ ደጃፍ ያገለግላል። ሐሳቡ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንግዳ አይደለም፤ በ2010 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። በግል ድርጅት የምትሠራ እናት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ፈቃድ ብታገኝም፣ ፈቃዱ ሲያበቃ ጥያቄው እንደገና ይነሣል።

ይህ ማለት የግብር ሕጉ የሚጫወተው ሚና የለም ማለት አይደለም። ነጋዴዎች ተባብረው ለሠራተኞቻቸው ልጆች ለሚያቋቁሙት ማቆያ የሚያወጡት ገንዘብ ተቀናሽ ስለሚሆንበት ሁኔታ ግልጽ መመሪያ ቢወጣ፣ ፈቃድ ባለው ማቆያ የሚሰጥ አገልግሎትም ግብር ከሚከፈልበት የዓይነት ጥቅም ውጭ ቢደረግ፣ መንግሥት በመጠነኛ ወጪ ብዙ ማቆያዎች እንዲከፈቱ ሊያበረታታ ይችላል። የተመዘገቡና ደረሰኝ የሚሰጡ ማቆያዎች ሲበራከቱም ለግብር ማካካሻው የጎደለው ማስረጃ አብሮ ይሟላል።

በመሆኑም የገቢዎች፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ እንዲሁም የከተማ አስተዳደር አካላት ጉዳዩን በተናጠል ሳይሆን በጋራ ሊመለከቱት ይገባል። ልጇ የት እንደዋለ ሳትጨነቅ የምትሠራ እናት ሥራዋን በወጉ ታከናውናለች፤ ግብሯንም በወቅቱ ለመክፈል የተሻለ አቅም ይኖራታል። የልጅ ማቆያ ወጪ ከግል ፍጆታ ይልቅ የሥራ ወጪ ተደርጎ ሊታይ የሚገባውም በዚህ ምክንያት ነው።