ከአምስት ሦስት

ከአምስት ሦስት ያመጣ ተማሪ አልፏል። ከልጅነታችን ጀምሮ የለመድነው ይህ ስሌት በአልፕስ ተራሮች ላይ ሰው ይገድላል።

በስዊዘርላንድ ወይም በኦስትሪያ ከተከለለው መንሸራተቻ ውጭ በስኪ ሊወጣ ያሰበ ሰው፣ ጠዋት ቡናውን እየጠጣ የዕለቱን የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ያያል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በጋራ የሚጠቀምበት መለኪያ አምስት ደረጃ አለው። ሦስተኛው ቀለሙ ብርቱካናማ፣ ስሙም «ጉልህ አደጋ» እንደማለት ነው። ሰውየው ግን ስሙ ላይ አይቆይም። ሦስት መሃል ነው፣ መሃል ደግሞ ምንም አይልም። ቦርሳውን ያነሣል።

ዳቮስ የሚገኘው የበረዶ ምርምር ተቋም ከዓመት ዓመት የሚሰበስበው አኃዝ ሌላ ነገር ይናገራል። በስዊዘርላንድ ሦስተኛው ደረጃ የሚታወጀው ከበረዶው ወራት በሲሶው ያህል ነው፤ በናዳ ከሚሞቱት ግን ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በእነዚሁ ቀናት ነው። አራተኛው በታወጀባቸው ቀናት የሚሞቱት ከአሥር አንድ ያህል ናቸው። «በአራት ማን ይወጣል? ሰው ቤቱ ስለሚቀመጥ ነው እንጂ!» የሚለኝ አይጠፋም። እኔስ ምን አልኩ? አራት ያስፈራል፣ ሦስት አያስፈራም።

መለኪያው እንደ ደረጃ መወጣጫ እኩል እኩል የተከፈለ አይደለም። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲኬድ አደጋው አይደመርም፣ ይባዛል። ሦስት ሲባል ናዳ ለማስነሣት የአንድ ሰው ክብደት ሊበቃ ይችላል ማለት ነው።

እንዴት ይበቃል? እኛ ከሰማይ የሚወርደውን ጠጣር ሁሉ በረዶ ብለን እንገላገላለን፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ያየ ሰው ግን አንድ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል። ወቅቱ ሲገባ የወረደው ስስ በረዶ ከሥሩ መሬት ሲያሞቀው፣ ከላይ ብርድ ሲመታው፣ እንፋሎት በውስጡ እያለፈ ቅንጣቶቹን ይለውጣቸዋል። እንደ ስኳር ይሆናሉ፤ ቢጨብጡት በጣት መሃል ይፈስሳል። በዚህ ስኳር ላይ ነፋስ ያመጣው አዲስ በረዶ ተጋግሮ እንደ ጣሪያ ይተኛል። ላዩን ላየው ያማረ ነጭ ሜዳ ነው። ሰው ሲረግጠው እንደታፈነ ድምፅ «ዉምፍ» ይላል፤ ከሥር ያለው ስኳር መደርመሱ ነው። ቁልቁለቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ስንጥቁ ከእግሩ ሥር ተነሥቶ ይሮጣል፣ ጣሪያውም ተገንጥሎ ይሄዳል። በናዳ ከሚያዙት ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ናዳውን ያስነሡት ራሳቸው ወይም አብሯቸው የወጣ ሰው ነው። ተራራው አድፍጦ አልጠበቃቸውም።

ሰው በሞተ ቁጥር «አያውቁበትም ነበር» ማለትም ልማድ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2012 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስቲቨንስ ፓስ አጠገብ ባለው ተነል ክሪክ የወጡት 16 ሰዎች ብዙዎቹ ስኪን እንጀራቸው ያደረጉ ነበሩ። ሦስቱ ሞቱ። ከተረፉት አንዳንዶቹ በኋላ እንደተናገሩት፣ ቡድኑ በዝቷል የሚል ስጋት በልባቸው ነበር፤ አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን አልነበረም። አላዋቂ ቢሆኑ ኖሮ ምናልባት አንዱ «እኔ ፈራሁ» ይል ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በአንባቢው ላይ አልጭንም። ብዙ ሰው የሚሞትበትን ቀን መሃል ላይ አስቀምጦ፣ ከላዩ ሁለት የባሱ ደረጃዎች ደርድሮ፣ «ለምን አልፈራህም?» ማለት አይሆንም። ማስጠንቀቂያውን የሚያወጡት ቁጥሩን በትልቁ መጻፉን ትተው ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቢያስቀድሙት እመርጣለሁ። አደጋው ከስንት ሜትር ከፍታ በላይ እንደሆነ፣ ወደየት የዞረው ተዳፋት እንደከፋ፣ የላላው ንብርብር የት እንደተቀበረ የሚነገረው እዚያ ነው። ያን ለማንበብ ግን ስልኩን በጣት ወደ ላይ መግፋት ያስፈልጋል፤ ቡናው አልቋል፣ ጓደኞቹም ውጭ ስኪያቸውን አጥልቀው እየጠበቁት ነው።