የሰማዕታት መታሰቢያና የነጋዴ ማስታወቂያ

የካቲት 12 ቀን በመጣ ቁጥር፣ በአሰላም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፣ አንዳንድ ካፌዎች፣ ፀጉር ቤቶችና የልብስ መደብሮች የስድስት ኪሎን የሰማዕታት ሐውልት ሥዕል ከነ«እንኳን አደረሳችሁ»ው በባነር አሳትመው፣ በግርጌውም የድርጅታቸውን ስምና የስልክ ቁጥር ከሰማዕታቱ መታሰቢያ ይልቅ አጉልተው በደጃፋቸው መስቀልን የአርበኝነት ምልክት አድርገው ከያዙት ሰንብቷል፤ ከውስጥ ደግሞ ድምፅ ማጉያው እንደ ወትሮው ይጮኻል። ይኸው ባነር 11 ቀን ቆይቶ ሥዕሉ ብቻ ተለውጦ ለዓድዋ ድል በዓል ሲሰቀል፣ ለድል የሚገባውን ፍሥሓ ለእልቂት መስጠታችን ማንንም አያስደነግጥም። «ጭራሽ ከመርሳት ይሻላል» የሚለውን መከላከያ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን ሟቹን የሸቀጥ አሻሻጭ ከማድረግ ዝምታው በስንት ጣዕሙ እላለሁ።

ዕለቱ የምን ዕለት እንደ ሆነ ለሚያስታውስ ሰው ነውሩ ይብስበታል። በ1929 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣልያ እንደራሴ ግራዚያኒ፣ የአገሩ አልጋ ወራሽ ወንድ ልጅ መውለዱን ምክንያት በማድረግ ምጽዋት አድላለሁ ብሎ ነዳያንን በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ከሰበሰበ በኋላ፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ቢወረውሩበት፣ እጃቸውን ለልመና የዘረጉት ድኆች በቆሙበት በመትረየስ ታጨዱ፤ የፋሽስት ጥቁር ሸሚዝ ለባሾችም ለሦስት ቀን በከተማው እየተዘዋወሩ ቤቱን ከነሰዉ አቃጠሉት። የሟቾቹን ቁጥር የኢትዮጵያ መንግሥት 30 ሺህ ሲያደርሰው፣ ነገሩን ለብዙ ዓመት የመረመረው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ይገምተዋል። ለአርሲም ቢሆን ይህ የሩቅ ከተማ ወሬ አይደለም፤ ከጭላሎ ቁልቁል ሲመለከቱ ከሚገኙት ሐይቆች ማዶ፣ በጎጌቲ፣ ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም የመሩት የመጨረሻው መደበኛ ጦር የተፈታው በዚያው በየካቲት 12 ቀን ነበርና፤ ራስ ደስታም በአምስተኛው ቀን ተረሸኑ። እንግዲህ ያ ሁሉ ግፍ በስጦታ ጥሪ መጀመሩን እያወቀ «ዕለቱን ምክንያት በማድረግ ልዩ ቅናሽ» ብሎ ደንበኛ የሚጠራ ባለሱቅ ቢገኝ፣ አላዋቂ ነው ብዬ ባልፈው እመርጣለሁ።

ነገር ግን አላዋቂ አይደለም። በሠፈሩ ሰው ሞቶ የእድር ጥሩምባ በተነፋ ጊዜ፣ ይኸው ነጋዴ ማንም ሳያዝዘው ሙዚቃውን ያጠፋል፣ መዝጊያውን ገርበብ ያደርጋል፣ አስከሬኑ እስኪያልፍ ከደጃፉ ቆሞ ይጠብቃል፤ ማታም ስኳሩንና ቡናውን በፌስታል ይዞ ወደ ለቅሶው ቤት ሲሄድ በፌስታሉ ላይ የሱቁን ስም አይጽፍበትም። ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ተዝካር፣ ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ ተዕዚያ በሚቀመጥበት በአርሲ ምድር ይህ ወግ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። ለአንድ ጎረቤት የሚያሳየውን ትሕትና፣ መቃብራቸው እንኳ በውል ለማይታወቅ ለእነዚያ ሁሉ ነፍሳት የሚነፍጋቸው፣ ቆሞ የሚታዘበው የሟች ቤተሰብ ስለሌለ ይመስለኛል።

በዚህ አገር የሐዘን መታሰቢያ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። በሔጦሳ ወረዳ፣ በአኖሌ፣ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ሐውልት የዳግማዊ ምኒልክን የአርሲ ዘመቻ ግፍ የሚዘክር ነው፤ ስለ እርሱ ያለው ክርክርም እስከ ዛሬ አልበረደም። ክርክሩን የታሪክ ሊቃውንት ይዘውታል፤ የባለካፌው ፈንታ አይደለም። የእርሱ ፈንታ፣ የአንዱን ሐዘን ባነር ሰቅሎ የሌላውን በዝምታ በማለፍ ደንበኞቹን በወገን እንዳይከፍል መጠንቀቅ ነው፤ ይህም የሚቀለው ለሁለቱም ባነር ሳይሰቅል ሲቀር ነው።

እንግዲያው ሱቁን ይዝጋ ወይ የሚሉኝ አሉ። የካቲት 12 በዛሬው ሕግ ሥራ የሚዘጋበት በዓል አይደለም፤ ባለቤቱ ከሐዘኔታ ብዛት በዘጋ ቁጥር ደግሞ የቀን ሠራተኛውና በጉርሻ የምትተዳደረው አስተናጋጅ ጦማቸውን ያድራሉና፣ በሌላ ሰው እንጀራ የሚደረግ ዝክር ለእኔ ግብዝነት ነው። ሩዋንዳውያን የዘር ጭፍጨፋውን ሲያስቡ በየዓመቱ የሚያዝያውን የሐዘን ሳምንት የሚጠብቁት ጭፈራና ዘፈን በመተው እንጂ የዳቦ መሸጫውን ሁሉ በመዝጋት አይደለም። የአሰላ ባለሻይ ቤትም ሻዩን ይቅዳ፤ ዘፈኑን ያጥፋ፤ ከቀትር በፊት ለጥቂት ደቂቃ ሥራውን አቁሞ ከሠራተኞቹ ጋር ይቁም፤ ጠያቂ ልጅ ሲመጣ ዕለቱ ምን እንደ ሆነ የሚነግር አንድ ሰው በመደርደሪያው ኋላ ይኑረው። ከዕለቱ ትርፍ የሚሰጥ ከሆነም ለጧሪ አልባ አረጋውያን ይስጥ፤ ሲሰጥ ግን ፎቶግራፍ አንሺ አይጥራ።

መዝጋቱን የግድ የሚል ቢኖር፣ ያንን ባነር ለማሳተም የመደበውን ገንዘብ አውጥቶ፣ በዚያ ቀን ከሥራ ለሚያስቀራት አስተናጋጅ የቀን ደመወዟን ከነጉርሻዋ ይክፈልበት።