የደሴው የወላጆች ቤት ይሸጥ ወይስ ይቆይ?

ይሸጥ

የደሴውን የውርስ ቤት አከራይተው፣ ራሳቸው ኮምቦልቻ በኪራይ የሚኖሩ ወንድማማቾችና እህትማማቾች አሉ። የማይሸጡት ቤቱ ጠቅሟቸው አይደለም፤ «የአባቱን ቤት ሸጠ» መባልን ፈርተው ነው። እኔ ቁጥሩን እዩልኝ እላለሁ። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ኮምቦልቻ 39,466 ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. 58,667 ሆኑ። በግማሽ ገደማ አድጋለች። ደሴ በዚያው ጊዜ ከ97,314 ወደ 120,095 ከፍ ብላለች፤ ጭማሪዋ ሩብ አይሞላም። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ75 ሄክታር ላይ ተመረቀ። ሥራው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ገብቷል፤ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ግን ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር መዋጮ፣ ኪራይ በገባ ቁጥር ጭቅጭቅ ይዘን ቀርተናል። ድርሻውን የወሰደ ሰው የስፌት መኪና ይገዛል፤ ያቋረጠውን ትምህርት ይጨርሳል። ሐዘን ጊዜ አለው። ከዚያ ወዲያ ያለው እስራት ነው።

አይሸጥ

እስራት? ወንድሜ፣ ይህን ቃል ለእናቴ ቤት አልሰማውም!

በኅዳር 2014 መጨረሻ፣ የሰሜኑ ጦርነት ከደሴ ሲርቅ፣ ከስደት ተመለስን። በሩ ተገንጥሏል፤ ማንኪያ እንኳ አልቀረም። ጎረቤታችን ሐጂ መጥተው ዱዓ አደረጉልን፤ ባለቤታቸው ምንጣፍ ላኩ። የእድራችን ሴቶች ጀበናና ሲኒ አዋጥተው ቡና አፈሉልን። ከሁሉ በፊት የጠሩት የእናቴን ስም ነበር፤ በእሷ ውለታ ነው እኔን ያነሱኝ። ከወደቅሁበት ተነስቼ ሌላ ሰው የሆንኩት እዚያ ባዶ ቤት ውስጥ ነው። ኮምቦልቻ በኪራይ ቤት ብሆን ማን ያውቀኝ ነበር? ሥራ እንደሆነ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ ስትሰረዝ አይተነዋል። የሟች ውለታ ግን ገዢ ቢመጣ ዋጋ አይወጣለትም። ልጆቼም «አያታችሁ እዚህ ነበሩ» ሲባሉ ቆመው የሚያዩት ደጅ ይፈልጋሉ።

ይሸጥ፦ መልስ

«ማን ያውቀኝ ነበር» ማለት የኮምቦልቻን ሰው መድፈር ነው፣ እህቴ። ኮምቦልቻም ያኔ ተዘርፋለች፤ እዚያም ጎረቤት ጎረቤቱን አንስቷል። እድር የደሴ ብቻ አይደለም፤ ገብቶ የተመዘገበ፣ ለቅሶ የደረሰ ሁሉ ወገን ያገኛል። ወላጆቻችንም እኮ ከገጠር ቤታቸውን ትተው ነው ደሴ የገቡት። ለእነሱ የተፈቀደ መነሳት ለእኛ ለምን ነውር ይሆናል?

አይሸጥ፦ መልስ

ወላጆቼ የአባታቸውን ደጅ ለባዕድ አልሸጡም፤ ለወንድም ትተው ነው የመጡት። እኔም በረንዳው ላይ ሱቅ ከፍቻለሁ። ወንድሞቼ ድርሻቸውን ከፈለጉ ከሱቁ ገቢ በየወሩ ከፍዬ እጨርሳለሁ፤ ቤቱን ግን ለገበያ አላወጣም።