ኮምቦልቻ ለቃለ መጠይቅ ለተጠራሽው

«በባዮሎጂ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቴን ሱቅ ጠበቅኩ። አሁን የእንስሳት በሽታ የሚመረምረው የኮምቦልቻው ላቦራቶሪ ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። እናቴ ግን ‹ከብት የሚይዝ ወንድ ነው የሚፈልጉት› ትለኛለች» ብለሽ ከደሴ ለጻፍሽልኝ እህቴ፦

እኔ ከአስራ ሁለተኛ ያላለፍኩ ሰው ነኝ፤ የሴል ትምህርቱን ላንቺ ትቼዋለሁ። ሙያውን የሚያውቁ ወዳጆቼን ግን ጠይቄልሻለሁ።

ደብተር ሸምድደሽ አትሂጂ። ለምሳሌ «በሬ በድንገት ሞተ፣ ከአፍንጫውና ከአፉ ደም ይወርዳል። ቀደሽ ትመረምሪዋለሽ?» ቢሉሽስ? በፍጹም! አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላላ። በድኑ ሲከፈት ተህዋሲው አየር ያገኝና ስፖር ይሠራል፤ ስፖሩ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፣ ሰውም ይይዛል። ጓንት አድርጎ ከጆሮው ደም ሥር ጥቂት ደም መውሰድ፣ ስላይድ ላይ ቀብቶና አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው ዘዴው። በድኑ ይቃጠላል ወይም በጥልቀት ይቀበራል።

የማታውቂውን «አላውቅም» በይ። በግምት የተሰጠ ውጤት የገበሬውን በረት ባዶ ያስቀራል።

«ገጠር ወጥተሽ ናሙና ትሰበስቢያለሽ?» ማለታቸው አይቀርም። ካልቻልሽ አትዋሺ፤ ከቻልሽ ግን የእናትሽን ፍርሃት ይዘሽ አትግቢ። ከብቱን የሚይዘው ባለቤቱ ነው፣ መርፌውን ያዢ አንቺ!

በይ፣ ሐረጎን በጠዋት ውረጂ። የደሴውን ካፖርት ግን እቤት ተዪው፣ ኮምቦልቻ ያልብሻል። ውጤቱን ጻፊልኝ።